ሦስት ጊዜ ያስደገሙኝ ዘፈን

«አንቱ ነገ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ» አልኳቸው። «ማይኩን ከእጅዎ ተቀብዬ።»

«ምን ብለህ?» አሉኝ መምህር ገለታ፣ መልሱን እንደማያውቅ ጠርጥረው እንዳስነሡት ተማሪ ቁልቁል እያዩኝ። እሳቸው ተቀምጠዋል፣ እኔ ቆሜያለሁ፤ ቢሆንም ቁልቁል ነው ያዩኝ። ይህን ችሎታ ዕድሜ አልወሰደባቸውም።

«መዝሙሩ የእኔ ነው እላለሁ። ከትምህርት ቤት ያባረሩኝም በዚሁ መዝሙር ነው እላለሁ።»

«ያባረርኩህ በዘፈን ነው» አሉ። «ያኔ መዝሙር አልነበረም።»

ሌሊሴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የመዘምራኑን ጋዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፍ ትተክል ነበር። ቀና ብላ አላየችንም። የመዘምራኑ መሪ እሷ ናት፤ የመጣችውም በማግስቱ የትኛው መዝሙር ከየትኛው ቀድሞ እንደሚዘመር ከመምህር ጋር ልትነጋገር ነው። እኔ ግን ማንም አልጠራኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያለነውም ሰበታ፣ ከአሮጌው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው የመምህር ሳሎን ውስጥ። ቤተ ክርስቲያኑ በማግስቱ የመምህርን የሃምሳ ዓመት አገልግሎት ሊያከብር ግቢው ውስጥ ድንኳን ጥሏል። ጠዋት ሞንታርቦ የጫነ ፒክአፕ በመናኸሪያው በኩል አለፈ። እኔ እዚያ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ ታክሲዎቹ ሲጋፉ እኔ እጮህባቸዋለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። ፒክአፑ ላይ ያለው ልጅ «ለወንጌል ዘመናቸውን የሰጡ፣ ትውልድ ያስተማሩ» ብሎ ብሎ ሲያበቃ «ራሳቸው በደረሱት ተወዳጅ መዝሙር» አለና ለቀቀው። መዝሙሩን ስሰማ ነው የኖርኩት። «ራሳቸው በደረሱት» የሚለውን ግን በሞንታርቦ፣ በገዛ መናኸሪያዬ ላይ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወረፋውን ለሹፌሮቹ ትቼላቸው ወጣሁ።

ተማሪ ሳለን ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ከሰበታ መርካቶ በአውቶቡስ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። እኛ የሚሲዮን ልጆች በሥራ ቀን ሰማያዊ ሹራብና ካኪ እንለብሳለን፤ እሑድ ሲሆን ከፍ ከፍ ያልነው ከታች የሰፋውን፣ መንገድ የሚጠርገውን ቴትሮን ሱሪ እናጠልቃለን፤ የኋላ ኪሳችን ውስጥ ሚዶ ይሰካል። ሴቶቹ ሽንሽን ጉርድና ነጭ ካልሲ ነበራቸው። ሌሊሴ የመጣችው ከሱሉልታ ነው። ዛሬ በአንድ ጠዋት ደርሶ መልስ ነው፤ ያኔ ግን ከሱሉልታ ሰበታ መማር አገር እንደመለወጥ ነበር፤ በእንጦጦ መውረድ፣ አዲስ አበባን ከዳር እዳር ማቋረጥ፣ እንደገና በጅማ መንገድ መውጣት። አሁን ሯጮቹ በማለዳ ሜዳው ላይ ተንጋግተው ሲሮጡ በቴሌቪዥን ሳይ ሌላው ሰው ሯጮቹን ያያል፤ ለእኔ ያ ሜዳ አሁንም የሌሊሴ አባት የገብስ ማሳ ነው፣ እሷም በጉሙ መሃል ሻንጣዋን ተሸክማ መኪና ልትይዝ የምትወርድበት።

ዘፈን የሚባል ነገር በግቢው ክልክል ነበር። የምንሰማው ከመናኸሪያው ማዶ፣ ሐጂ ከድር ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ሐጂ ልጆቻቸውን መምህር ዘንድ ያስተምሩ ነበር፤ መምህርን ያከብሯቸዋል፤ እኛ ስኳር ልንገዛ ስንመጣ ግን ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ሚዛኑን ቀስ ብለው ያስተካክሉታል። ዘፈን ተርበን እንደምንመጣ ያውቃሉ። ሱቁ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ እታች የስልክ ካርድ ይሸጥበታል።

ስለ መምህር እውነቱን ልናገር፤ የምጠላውን ሰው አሳንሼ ከጠላሁት ጥላቻዬም ያንሳልና። ከወለጋ ሲመጡ ሃያ ዓመት የሞላቸው አይመስለኝም። ሚሲዮኑ ወንጌላዊም መምህርም አድርጎ ላካቸው፤ ትከሻቸው ላይ አኮርዲዮን፣ ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔ ይዘው በጭነት መኪና መጡ ይባላል። ሰኞ ሰበታ፣ ሐሙስ ተፍኪ፣ እሑድ ከሰዓት ቡራዩ፤ አብዛኛውን በእግር፣ በኋላ በብስክሌት። ገበሬው ማታ የሚማርበት ጉልበት እንደሌለው ሲያዩ ሌላ ዘዴ አመጡ፤ ማለዳ ማሳው ድረስ እየሄዱ የቀኑን ፊደል በከሰል እርፉ ላይ፣ እጁ በሚይዘው እንጨት ላይ ይጽፉለታል። ሰውየው ሲያርስ ውሎ ያየዋል፣ ይጠራዋል፤ በሬዎቹንም በፊደሉ ስም የሚጠራ ነበር አሉ። ማታ ላቡ ይጠርገዋል፤ በነጋታው ሌላ ፊደል። ኦሮምኛም አማርኛም እንዲህ እየቀላቀሉ የስንቱን ጎልማሳ ዓይን ገለጡ። ዛሬ ሐኪም ነኝ፣ ዳኛ ነኝ ከሚለው የሰበታ ሰው ግማሹ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ግማሹ። እኔ ከሌላው ግማሽ ነኝ።

የትምህርት ቤቱ ሽርሽር በያመቱ ገፈርሳ ነበር፤ በቡራዩ በኩል ወጥተን ግድቡ ዳር ባሕር ዛፉ ሥር ዳቦና ማርማላታ እንበላለን፣ መዘምራኑ ለውኃው ይዘምራሉ። ያን ዓመት የዘበኛውን ክራር ተውሼ በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ ወደ ዛፎቹ ገባሁና ሌሊት ሌሊት የሠራሁትን ዘፈን አሰማኋቸው።

ጉሙ ሳይገፈፍ ከሱሉልታ ሜዳ፣
ጤዛ ረግጠሽ መጣሽ ገና በማለዳ።
ልቤ ደጅ ላይ ቆሞ ሲጠብቅሽ አድሮ፣
ስትመጪ ዝም አለ አንገቱን ሰብሮ።

ከኋላዬ የደረቀ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። መምህር ነበሩ። ክራሩን ከእጄ ወስደው ሄዱ፤ ደግሞ በክብር ነው የያዙት፣ የሰው ዕቃ መሆኑን ያውቃሉ።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ክሱ ዓለማዊ ዘፈን ደርሶ ዘፍኗል የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ጥንቁቆች ነበሩ፤ ያልሰማነውን ነገር እንዴት እንፈርዳለን አሉ። ስለዚህ በለው ተባልኩ። አልኩት። ኦቦ ቱሉ የሚባሉት ጆሯቸው ከበድ ይል ነበርና እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው አልሰማሁም አሉ፤ ደገምኩት፣ ከፍ አድርጌ፣ ዜማውም ሳይቀር፣ ያለ ዜማ አይወጣልኝማ። ከዚያ መምህር ኃጢአቱ የትኛው ስንኝ ላይ እንዳለ መለየት ያስፈልጋል ብለው በዝግታ አስደገሙኝ። ሦስት ጊዜ። ከታገድኩ በኋላ ስንወጣ ኦቦ ቱሉ በረንዳው ላይ ከዘራቸውን ሲፈልጉ ዜማውን እያንጎራጎሩት ነበር። አልሳቅሁም። ዛሬ ግን አያስቀኝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ከኅብረት ታገድኩ፤ የኋላ ወንበር፣ ቅዱስ ቁርባን የለም፣ ሰላምታም የሚሰጠኝ ሰው አንሷል። ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ ተሰናበትኩ። የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ነበር፤ የሚፈተኑት ልጆች እርሳስ ሲቀርጹ እኔ ልብሴን ስጠቀልል ነበርኩ። በዚያው ሰሞን ሌሊሴም ጠፋች። አባቷ መጥቶ ወሰዳት አሉ። እኔ ፊቷን አዞረችብኝ ብዬ ያዝኩት፤ እንደዚያ መያዙ ይቀለኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ የቡራዩ ነጋዴ አግብታ ወደ መዘምራኑ ስትመለስ በሩቁ አየኋት፤ ሰላም አልተባባልንም።

ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ቆሎ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና መናኸሪያው አጥር ላይ ተደርድሮ በሳንቲም ከሚከራይ መጽሐፍ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ይህን የምለው በኩራትም በንዴትም ነው። እንጀራዬ ታክሲ ላይ ሆነ፤ ያን ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን፣ ውይይት የምንለውን፣ ከኋላው ተንጠልጥዬ። ሰማያዊው ቀለም ሸሚዜ ላይ ይቀር ነበር። መምህር ከነአኮርዲዮናቸው ሲሳፈሩ አኮርዲዮኑም ወንበር ይዟል ብዬ የሁለት ሰው አስከፍላቸዋለሁ። ዝም ብለው ይከፍላሉ። አንድ ክረምት ደግሞ ዓለም ገና ላይ ዝናብ ሲመታቸው አይቼ ባዶ ወንበር እያለ ሞልቷል ብዬ አልፌያቸዋለሁ። በመስኮቱ ዞሬ አይቻቸዋለሁ፤ አኮርዲዮኑን በኮታቸው ሸፍነው እሳቸው ይረጥቡ ነበር። ያቺን ቀን ሳስታውስ እስካሁን ደስ ይለኛል።

መሃል ላይ መምህር አልነበሩም። አብያተ ክርስቲያናት የታሸጉበት ዘመን መጣ፤ እሳቸውም ታሰሩ፤ ወጡ ሲባል ደግሞ ከስተው ተመለሱ። ከዚያ አንድ ቀን ለቅሶተኛ ጭነን ተፍኪ ሄድን። ጭቃ ነበር፤ ጎማው ሲንሸራተት ከሥሩ ድንጋይ እያስገባሁ ወደ መቃብሩ ቀና ስል ሕዝቡ ይዘምራል።

ጉሙ ሳይገፈፍ ከነፍሴ ሜዳ፣
ጌታዬ መጣህልኝ ገና በማለዳ።

ድንጋዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዜማው የኔ ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ ያደረውም ልብ የኔ ነው፤ አንገቱን የሰበረውም። ሱሉልታን በነፍስ፣ ልጅቷን በጌታ ተክተው መምህር ከፊት ቆመው በአኮርዲዮን ያጅባሉ፤ ሬሳው ተረስቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። በኋላ ካሴት ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ መምህር በከረባት። በኋላ ሲዲ ሆነ፣ በኋላ ተሳፋሪ ስልኩ ሲጠራ እሱ ሆነ። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በጴንጤ ቤት ሞቶ በእሱ ያልተሸኘ የለም። በየመጠጥ ቤቱ «ያ የኔ ነው» ስል ጓደኞቼ ቢራውን እያዩ ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት መምህር ሳሎን ውስጥ ቆሜ የነበርኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ዘፈኑን ሰሙ፣ ፈረዱ፣ ጣሉኝ፣ ከዚያ ከወደቅኩበት ቦታ አነሡትና ወሰዱት አልኳቸው። ሌላው ቀርቶ ስሜን እንኳ ከካሴቱ ጀርባ ቢጽፉ ምን ነበር አልኳቸው። ብዙ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ተቀመጥ ደበሌ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«የታሰርን ጊዜ» አሉ፣ «አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀናል። መጽሐፍ ቅዱስ የለም። ጠባቂዎቹ መዝሙር ከሰማን ለየብቻ እንዘጋችኋለን አሉን። ዘፈን ግን ይፈቅዱ ነበር፤ እንዲያውም ይወዱታል፣ እነሱም ልጆች ናቸው፣ ይሰለቻቸዋል። ማታ ማታ ሰዎቹ በጨለማ ያለቅሱ ጀመር። አንድ ነገር ይበሉልን አሉኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ዘፈን አላውቅም። የማውቀው አንድ ነበር። የአንተን። ሦስት ጊዜ አስደግሜህ።»

ሳቄ መጣ፤ አፈንኩት።

«ዘፈንኩት» አሉ። «እንደሠራኸው። ከነሱሉልታው፣ ከነልጅቷ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ይመታ ነበር። ውስጥ ያለው ሰው ግን ማን እንደሚመጣለት ያውቃል። ከወጣን በኋላ እነዚያው ሰዎች ያን መዝሙር ያምጡልን አሉኝ። ዘፈን ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? ቃሉን ቀየርኩት።»

«ሲወጡ ለምን አልጠሩኝም?»

«አፈርኩ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ታክሲው ላይ አገኝህ ነበር» አሉ። «የሁለት ሰው ስታስከፍለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እየካስኩት ነው እላለሁ በሆዴ።»

ይህ ሌላውን ሰው ያሸንፈው ይሆናል። እኔን የባሰ አበሸቀኝ፤ በቀሌን እንኳ ሲቀበሉኝ የኖሩት እንደ ውለታ ነው ለካ። የጠየቅኩዎት የታክሲ ሒሳብ አይደለም አልኳቸው። ሚኒስትሪ የተፈተኑት ልጆች ዛሬ በስንት መኪና እንደሚመጡ ነገ ድንኳኑ ውስጥ ሲያዩ የእኔን ወንበር ያስቡት አልኳቸው። የምፈልገውንም ነገርኳቸው፤ ነገ በሰው ፊት ዘፈኑ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደተባረርኩ እንዲናገሩ፣ ከዚያም በሠራሁት ቃል፣ በሱሉልታው፣ አንድ ጊዜ እንዲሉት። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ። በዚያው አኮርዲዮን።

መምህር ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፤ ስንኞቹን ነበር የሚከልሱት፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አውቄዋለሁ።

«እሺ» አሉ። «እላቸዋለሁ። በደልኩት እላለሁ፤ እንደሠራኸውም እለዋለሁ።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ነው ፀጉሬ የሸበተው። መጣ። የፊት ወንበር ያዙልኝ አልኳቸው፤ ቁርስ ላይ እንደተገናኙ ሰዎች ሰዓቱንም ተነጋገርን፤ ከስብከቱ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ።

«ጨረሳችሁ?» አለች ሌሊሴ።

መርፌዋን ጋዋኑ ላይ ሰክታው ነበር። ሁለታችንም ዞርን።

«ነገ ሱሉልታ ሲባል ማን ናት ብሎ የማይጠይቅ ሰው አለ?» አለች። «ያኔስ ነበር?»

«የአንቺን ስም አንጠራም» አሉ መምህር። «ስም የለበትም እኮ።»

«ከሱሉልታ የመጣነው ስንት ነበርን መምህር? አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋን ይንገሩኝ።»

መምህር ወደ እኔ ዞሩ።

«አባቴ ገበያ ላይ ነው የሰማው» አለች፣ አሁን ለእኔ። «ልጅህ ተዘፈነባት አሉት። ሊወስደኝ ሲመጣ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ሚኒስትሪ አልተፈተንኩም ኦቦ ደበሌ። አይቼው ለማላውቀው ሰው ሰጡኝ። ደግነቱ ደግ ሰው ወጣ። ስቀብረው ይህንኑ መዝሙር አስክሬኑ ላይ መራሁለት፤ ያኔ ስለ ሱሉልታ አላሰብኩም። ያንን ነው ነገ ልጆቼ ፊት የምትወስዱብኝ።»

«አልነገርሽኝም» አልኳት።

«መቼ ጠይቀኸኝ? ስትሠራው አልጠየቅከኝ። እሳቸው ጌታ ሲያደርጉኝ አልጠየቁኝ። አሁን ደግሞ በማይክ ልትካፈሉኝ ሰዓት ትቆርጣላችሁ።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን አንድ ነገር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ።

«ታዲያ የኔስ?» አልኳት። «የኔ ዝም ብሎ ይቅር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጋ አየችኝ። የሠራሁላትን ዘፈን ያህል የቆየ እይታ ነበር፤ ፍቅርም ንዴትም አላገኘሁበትም፤ ተራውን የሚጠብቅ ሰው እንደሚያየኝ ነበር ያየችኝ።

«የአንተን ውሰድ» አለች። «ነገ እንደፈለጋችሁ በሉት፣ እንደ ዘፈንም እንደ መዝሙርም። እኔ አልመራውም። ከዛሬ ወዲያ ማንም ላይ አልዘምረውም፤ ስሞትም እንዳይዘመርብኝ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።»

ጋዋኑን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው፤ ነጠላዋን አስተካከለች። መምህር መደገፊያውን ይዘው ሊነሡ ሞከሩ።

«ታኢ» አሏት። «ታኢ፣ ኢንታላ ኮ።» ተቀመጪ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ክፍል ውስጥ ሦስት መቶ ልጅ ዝም ያሰኝ የነበረው ድምፅ እንዲህ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ይህን ድምፅ ከእሳቸው መስማት ነበር ስመኝ የኖርኩት፤ የወጣው ግን ለእኔ አልነበረም።

ሌሊሴ ጫማዋን አጠለቀች። በሩን ወርውራው ትወጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ውስጥ በጸሎት ላይ ያለ ሰው እንዳለ ሁሉ እጀታውን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ እስኪገጥም ድረስ ዘጋችው።